ከወለዱ በፊት መውጫውን እዩ፦ የብሪታንያ የቁጠባ ሂሳቦች ሲመዘኑ

የባንክ ኦፍ ኢንግላንድ መነሻ ወለድ እስከ ዲሴምበር 2021 አጋማሽ ድረስ 0.1 በመቶ ነበር። በኦገስት 2023 5.25 ደረሰ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ወደ 3.75 ወርዶ ተገኘ። በዚሁ መሀል ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክና ስታርመር በጠቅላይ ሚኒስትርነት ዳውኒንግ ስትሪት ላይ ተፈራርቀዋል። የሊዝ ትረስ ገንዘብ ሚኒስትር ክዋሲ ክዋርቴንግ በሴፕቴምበር 23 ቀን 2022 ያወጡት «ትንሹ በጀት» የሞርጌጅ ገበያውን በቀናት ውስጥ አናግቶ ሁለቱንም ከወንበራቸው አወረደ። በኦክቶበር 2022 የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ነበር። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ በሚዋዥቅ አገር ዛሬ አንደኛ የተባለ ወለድ ለከርሞ የትም ላይገኝ ይችላል። ሰው ደግሞ ሂሳብ ሲመርጥ ሁሌም የሚያየው ያንኑ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ ሥራ ባጣ፣ ሐሳቤን ብቀይር ወይም መንግሥት ሕጉን ቢቀይር ይህን ገንዘብ ስንት ከፍዬ አወጣዋለሁ? ከዚህ በታች ያሉት ሂሳቦች የተመዘኑት በዚህ ጥያቄ ነው። የአክሲዮን ነገር እዚህ የለም፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ያለበት ሰው የመጀመሪያውን ሂሳብ ብቻ አንብቦ የቀረውን ገንዘቡን ዕዳው ላይ ቢያውል ይሻለዋል። 4 በመቶ እየተቀበሉ ከ20 በመቶ በላይ መክፈል ቁጠባ አይባልም።

ሄልፕ ቱ ሴቭ፦ የሚገባችሁ ከሆነ ሌላውን አስቀምጡት

50 በመቶ የሚከፍል ባንክ የለም። ይህ ሂሳብ ግን ይከፍላል፤ ከፋዩም መንግሥት ነው። በ2018 የተጀመረ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው የታክስ መሥሪያ ቤቱ ኤችኤምአርሲ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ደግሞ የመንግሥት የቁጠባ ባንክ የሆነው ኤንኤስ ኤንድ አይ ነው። መክፈት የሚችለው ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) እየተቀበለ የሚሠራ ሰው ነው። ቀድሞ የነበረው ከፍ ያለ የገቢ መስፈርት ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ ተነሥቶ፣ በመጨረሻው የዩኒቨርሳል ክሬዲት ስሌት ወር ውስጥ ቢያንስ 1 ፓውንድ ደሞዝ እጅ ላይ መግባቱ ብቻ ይበቃል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የምታጸዳም፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሠራም ይገባዋል። ባልና ሚስት በጋራ ክሬዲት የሚቀበሉ ከሆነ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መክፈት ይችላሉ። አንድ ብቻ ከፍቶ መቀመጥ የጥቅሙን ግማሽ መጣል ነው።

በጎቭ ዶት ዩኬ ወይም በኤችኤምአርሲ አፕ ይከፈታል። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ አማላጅም ሆነ ከፋይ «አማካሪ» አያስፈልግም። በየወሩ ከ1 እስከ 50 ፓውንድ ይገባል። በወር ውስጥ አንዴም ሆነ አራቴ ማስገባት ይቻላል፣ ድምሩ ግን ከ50 አያልፍም። ያመለጠ ወር አይካካስም፤ በማርች ያልገባው 50 በኤፕሪል 100 ሆኖ አይገባም። ስለዚህ ስታንዲንግ ኦርደሩን (በየወሩ በራሱ የሚሄደውን ክፍያ) በወሩ የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት። ቀኑ ቅዳሜ ወይም ባንክ ሆሊዴይ ላይ ከዋለ ክፍያው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ያኔ አንዱ ወር ባዶ ይቀራል፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ ለሁለተኛው 50 ቦታ የለም። ደሞዝ በገባ ማግስት ማድረጉ ይመረጣል።

ቦነሱ የሚታሰበው በወለድ ስሌት አይደለም፣ ሰው የሚስተውም ይህንን ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ሂሳቡ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ከደረሰበት *ከፍተኛ* መጠን ግማሹ ይከፈላል። በየወሩ 50 ላስገባ ሰው ከፍተኛው 1,200 ስለሆነ ቦነሱ 600 ፓውንድ ነው፤ የሚገባውም በቀጥታ ወደ ባንክ ሂሳቡ ነው። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ የሚከፈለው ደግሞ በኋለኞቹ ሁለት ዓመታት የተደረሰበት ከፍተኛ መጠን ከፊተኛው ምን ያህል እንደበለጠ ታይቶ የልዩነቱ ግማሽ ነው። ሁሉንም የጨረሰ ሰው በ2,400 ፓውንድ ቁጠባ 1,200 ቦነስ ይወስዳል።

አሁን መውጫውን እንየው። ማውጣት በማንኛውም ጊዜ ይፈቀዳል፣ ቅጣትም የለውም፤ በወረቀት ላይ ከሁሉ የቀለለ መውጫ ነው። ከባዱ ተመልሶ መግባቱ ነው። በ24ኛው ወር 1,200 አድርሶ 600 ቦነሱን የተቀበለ ሰው አለ እንበል። በሚቀጥለው ሳምንት ለመኪና ጥገና 1,000 ያወጣል፣ 200 ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ 24 ወር ሙሉ ሳያቋርጥ 50 ቢያስገባ መጨረሻ ላይ 1,400 ይደርሳል። ቀድሞ ከነበረው ከፍተኛ የበለጠው 200 ብቻ ነው፤ ግማሹ 100 ፓውንድ። ሳይነካው ቢቀር 600 ያገኝ ነበር። ያቺ የ1,000 ፓውንድ ወጪ 500 ፓውንድ አስከፈለችው ማለት ነው፤ ገንዘቡን በሌላ መንገድ ማግኘት ወይም ጥገናውን በክፍያ ማካፈል ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ማየት ነበረበት። ወጪው የግድ ከሆነ ደግሞ በአራተኛው ዓመት ማለቂያ አካባቢ፣ ከፍተኛው መጠን ከተደረሰበት በኋላ ማውጣት ምንም አይነካም፤ የተደረሰበት ከፍታ ተመዝግቦ ይቀራልና።

ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ቢቋረጥ እንኳ ሂሳቡ እስከ አራት ዓመቱ ይቀጥላል። ሂሳቡን ራሱን አስቀድሞ የሚዘጋ ግን ቀጣዩን ቦነስ ያጣል፣ ሁለተኛም አይከፈትለትም። አንድ ሰው በዕድሜው የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ 6,000ው መስመር፣ እግረ መንገዳችንን

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ሰው የትኛውንም ሂሳብ ሲከፍት ይህን ማወቅ አለበት። እስከ 6,000 ፓውንድ ያለ ቁጠባ ክሬዲቱን አይነካም። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ፣ ያልሞላው ቁራጭም ቢሆን፣ በወር 4.35 ይቀነሳል። 7,100 ፓውንድ ያለው ሰው ከመስመሩ በላይ 1,100 አለው፤ አራት ሙሉ 250 እና አንድ ቁራጭ ሲሆን አምስት ተብሎ ይቆጠራል፣ በወር 21.75 ይቀነስበታል። 16,000 ሲያልፍ ክሬዲቱ ጭራሽ ይቆማል። በሄልፕ ቱ ሴቭ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባል፣ ቦነሱ ግን ክሬዲታችሁን አይቀንስም። ፕሪሚየም ቦንድም (በወለድ ፈንታ ዕጣ ያለው ቁጠባ) ሆነ አይሳ (ወለዱን ታክስ የማይነካው ሂሳብ) ይቆጠራሉ። «አይሳ ከታክስ ነፃ ነው» ማለት ከዩኒቨርሳል ክሬዲት የተሰወረ ነው ማለት አይደለም።

እቁብ የሚጥልም ያስብበት። እቁብ ወለድ የለውም፣ ወለድ ስለሌለም የወለድ ታክስ የለበትም፣ ሰውን ደግሞ ከየትኛውም አፕ በላይ ያስቆጥባል፤ ዳኛውና ጸሐፊው አይለቁምና። ነገር ግን ዕጣው በወጣ ቀን 8,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ባንክ ውስጥ ሲገባ ከመስመሩ በላይ 2,000 አለ፤ ይህ በወር 34.80 ነው። ለውጡንም በዩኒቨርሳል ክሬዲት ጆርናል ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ከዚህ ሌላ፣ እቁብተኛ ቢጠፋ ዋስ ከሆነለት ሰው በቀር የሚከፍል የለም። የእቁብ መውጫ ዕጣ ነው፤ ተራው ያልደረሰው ሰው ገንዘቡ የሚያስፈልገው ነገ ከሆነ ባለ ተራውን ከመለመን ሌላ መንገድ የለውም።

ላይፍታይም አይሳ፦ በሩ ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ

ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ያለ ሂሳብ ነው። ከ18 ዓመት እስከ 40ኛው ልደት ዋዜማ ድረስ ይከፈታል። እስከ 50 ዓመት ዕድሜ በየዓመቱ እስከ 4,000 ፓውንድ ማስገባት ይቻላል፣ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምራል፤ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ማለት ነው። ይህ 4,000 ከአጠቃላዩ የ20,000 የአይሳ ገደብ ውስጥ ነው። ገንዘቡ ያለ ቅጣት የሚወጣው ለመጀመሪያ ቤት መግዣ፣ 60 ዓመት ሲሞላ፣ ወይም በጽኑ ታምሞ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ነው የተባለ እንደሆነ ብቻ ነው።

በሌላ ምክንያት የሚያወጣ 25 በመቶ ይቀጣል። 25 ሰጥቶ 25 መውሰድ እኩል ይመስላል፣ አይደለም። 4,000 አስገባችሁ፣ 1,000 ተጨመረ፣ 5,000 ሆነ። የቅጣቱ 25 በመቶ የሚታሰበው ከ5,000ው ነው፤ 1,250 ይወሰዳል፣ 3,750 ይመለሳል። የመንግሥት ቦነስ ብቻ ሳይሆን የራሳችሁ 250 ፓውንድም ሄደ ማለት ነው፤ ካስገባችሁት 6.25 በመቶ። በኮቪድ ጊዜ ከማርች 6 ቀን 2020 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2021 ቅጣቱ ወደ 20 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ያኔ መንግሥት የሰጠውን ብቻ ነበር የሚመልሰው። ፍትሐዊው ቁጥር ያ ነበር፤ ጊዜው ሲያበቃ ወደ 25 መመለሱ የሚያስመሰግን አይደለም።

ሌላው እንቅፋት የቤቱ ዋጋ ነው። ጣሪያው 450,000 ፓውንድ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ አንድ ፔኒ አልተነሣም። ለንደን ውስጥ ለቤተሰብ የሚሆን ቤት የሚፈልግ ሰው ይህን ቁጥር በቀላሉ ያልፈዋል። ቤቱ 455,000 ከሆነ በ5,000ው ላይ ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ የሂሳቡ ገንዘብ በሙሉ ለዚያ ቤት አይሠራም። ሁለት ሰዎች አብረው ሲገዙ ሁለቱም የየራሳቸውን መጠቀም ይችላሉ፣ ጣሪያው ግን ለቤቱ አንድ ነው።

«የመጀመሪያ ቤት» የሚለው ቃል ደግሞ የዓለምን ቤት ሁሉ ይመለከታል። በብሪታንያ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም አገር መኖሪያ ቤት የነበረው ሰው የመጀመሪያ ገዢ አይባልም። አዲስ አበባ ላይ በስሙ ኮንዶሚኒየም ያለው ወይም ቀድሞ ኖሮት የሸጠው፣ ወይም የወላጆቹ ቤት በውርስ ድርሻ የደረሰው ሰው ይህን ሂሳብ ለቤት መግዣ ሊጠቀምበት አይችልም። ከባልና ሚስት አንዱ ብቻ እንዲህ ከሆነ ሌላው የራሱን መጠቀም ይችላል። ይህን ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት እንጂ በፊርማው ቀን ሶሊሲተሩ (የቤት ግዢውን የሚያስፈጽመው ጠበቃ) ፊት መስማት አይገባም።

መመዘኛውን ለሚያሟላ ሰው አካሄዱ እንዲህ ነው። ቤት የመግዛት ሐሳቡ ሩቅ ቢሆንም ሂሳቡን ዛሬ በትንሽ ገንዘብ ይክፈተው። ከመጀመሪያው ክፍያ አንስቶ 12 ወር ካልሞላ ለቤት አይወጣም፣ ያ ሰዓት የሚቆጥረው ደግሞ ሂሳቡ ከተከፈተ ሳይሆን ገንዘብ ከገባበት ቀን ነው። በኤፕሪል መጀመሪያ 4,000 ማስገባትና በማርች መጨረሻ 4,000 ማስገባት ቦነሱ እኩል ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡን እስከ ታክስ ዓመቱ ማለቂያ በሚወጣ ሂሳብ ይዞ፣ ቤቱን እንደሚፈልገው ሲያረጋግጥ ማስገባት ይችላል። የታክስ ዓመት ኤፕሪል 5 እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፤ ዝውውር የሚዘገይበት ጊዜ ስለሆነ ግን ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ ማድረጉ ይሻላል።

ቤቱ ሲገኝ ገንዘቡን ራሳችሁ ወደ ባንክ ሂሳባችሁ አታውጡ። ከዚህ በላይ ውድ የሆነ ስሕተት በዚህ ሂሳብ ላይ የለም፤ ለቤት ብታውሉትም እንኳ 25 በመቶው ተቆርጦ ነው የሚወጣው። የሚጠይቀውም የሚቀበለውም ሶሊሲተሩ ወይም ኮንቬየንሰሩ ነው። ግዢው በሞርጌጅ መሆን አለበት፣ ቤቱም ለኪራይ ሳይሆን ለራስ መኖሪያ። ገንዘቡ ሶሊሲተሩ እጅ ከገባ በኋላ ግዢው በ90 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ግዢው ከፈረሰ ሶሊሲተሩ ገንዘቡን ወደ ሂሳቡ ይመልሰዋል፣ ቅጣትም የለም።

በኖቬምበር 2025ቱ በጀት መንግሥት ይህን ሂሳብ ለመጀመሪያ ቤት ገዢዎች ብቻ በሆነ አዲስ ሂሳብ ለመተካት እንደሚመክር አስታውቋል። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከ450,000 በታች ቤት ለመግዛት ቁርጥ ያለ ሐሳብ ላለው ሰው ይህ ለመጠበቅ ምክንያት አይሆንም። «ምናልባት አንድ ቀን» ለሚል ግን መውጫው በጣም ጠባብ ነው። ለጡረታ ብቻ ብሎ የሚከፍተው ሰው ደግሞ መጀመሪያ አሠሪው የሚያዋጣበትን የሥራ ቦታ ጡረታ ይመልከት።

ካሽ አይሳ፦ ለማን?

ወለዱን ታክስ የማይነካው ይህ የጥሬ ገንዘብ ቁጠባ ለሁሉም አይደለም፤ ይህን የሚናገር ማስታወቂያ ግን የለም። ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ የ20 በመቶ ታክስ ከፋይ በዓመት 1,000 ፓውንድ፣ የ40 በመቶ ከፋይ 500 ፓውንድ ወለድ ያለ ታክስ ያገኛል። 45 በመቶ የሚከፍለው ምንም የለውም። ወለዱ 4 በመቶ ከሆነ 1,000 ፓውንድ ወለድ ለመሙላት 25,000 ፓውንድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሥራ ገቢው ከ17,570 በታች የሆነ ሰው ደግሞ እንደ ገቢው መጠን እስከ 5,000 የሚደርስ ተጨማሪ ወለድ በዜሮ ታክስ ያገኛል። 5,000 ፓውንድ ያጠራቀመ የ20 በመቶ ከፋይ ታክስን ፈርቶ አይሳ መክፈት የለበትም። አይሳው 3.8 ከሰጠውና ተራው ሂሳብ 4.2 ከሰጠው ተራውን ይውሰድ።

ነገሩን የሚቀይረው የታክስ መስመሩ መታሰሩ ነው። ታክስ የማይነካው 12,570 እና የ40 በመቶ መጀመሪያ የሆነው 50,270 ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ቆመዋል፤ በ2025ቱ በጀት እስከ ኤፕሪል 2031 ተራዝመዋል። ደሞዝ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲጨምር ሰው ሳያስተውል 50,270ን ይሻገራል፣ በዚያው ቅጽበት የወለድ ነፃነቱም ከ1,000 ወደ 500 ይወርዳል። ስኮትላንድ ለደሞዝ የራሷ እርከን ቢኖራትም ለወለድ የሚሠራው ይኸው የአገር አቀፉ መስመር ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 30,000 ፓውንድ በ4 በመቶ 1,200 ወለድ ይሰጣል። የ20 በመቶ ከፋዩ በ200ው ላይ 40 ፓውንድ ይከፍላል። 52,000 የሚያገኘው ሰው ግን በ700ው ላይ 280 ይከፍላል። ከኤፕሪል 2027 የወለድ ታክስ በሁለት ነጥብ ስለሚጨምር ያ 294 ይሆናል። አይሳ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ወደ መስመሩ የተጠጋም አስቀድሞ ይክፈት።

ሌላም ለውጥ እየመጣ ነው። ገንዘብ ሚኒስትር ሬቸል ሪቭስ በኖቬምበር 2025 እንዳስታወቁት ከኤፕሪል 6 ቀን 2027 ጀምሮ ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ ሰው ከ20,000ው ውስጥ በካሽ አይሳ ማስቀመጥ የሚችለው 12,000 ብቻ ነው፤ የቀረው ለኢንቨስትመንት ነው። 65 የሞላቸው በ20,000 ይቀጥላሉ። ቀድሞ የተቀመጠው አይነካም። ትልቅ ገንዘብ በጥሬ ለማስቀመጥ የሚያስብ ከሆነ ከዚያ በፊት ያሉት የታክስ ዓመታት ዋጋ አላቸው፤ ያልተጠቀሙበት የአይሳ ገደብ ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም።

መውጫው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጉድጓድ አለው። ወደ ተሻለ ባንክ መሄድ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ወስዶ ካስገባው አይሳነቱ ይጠፋል፤ አዲስ ገንዘብ ተብሎ ከዘንድሮው ገደብ ይቀነሳል። የአምስት ዓመት ቁጠባ የነበረው 45,000 ካወጣ መልሶ ማስገባት የሚችለው 20,000 ነው፣ 25,000ው ሜዳ ላይ ቀረ። ትክክለኛው መንገድ በአዲሱ ባንክ ሂሳብ ከፍቶ የዝውውር ቅጹን መሙላት ነው፤ የሚጎትተው አዲሱ ባንክ ነው፣ ከካሽ ወደ ካሽ በ15 የሥራ ቀን መጠናቀቅ አለበት። ከመክፈታችሁ በፊት አዲሱ ባንክ ዝውውር ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ፤ በጣም ከፍ ያለ ወለድ ከሚያስተዋውቁት አንዳንዶቹ አዲስ ገንዘብ ብቻ ነው የሚፈልጉት። «ፍሌክሲብል» የተባለ አይሳ በዚያው የታክስ ዓመት ያወጣችሁትን መልሳችሁ እንድታስገቡ ይፈቅዳል፤ ያልተባለው አይፈቅድም።

የታሰረ (ለተወሰነ ጊዜ የማይለወጥ) ወለድ ካላችሁ ደግሞ አይሳ ከተራው የሚሻልበት ነገር አለው። ተራው የታሰረ ሂሳብ እስከ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይከፈትም። የታሰረ ካሽ አይሳ ግን በሕግ መከፈት አለበት፤ ቅጣቱ የተወሰኑ ቀናት ወለድ ነው። ገና ከተከፈተ በወሩ ከወጣ ያ ቅጣት ከዋናው ገንዘብ ሊቆርጥ ይችላል። ተራ የሁለት ዓመት ሂሳብ ወለዱን በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚከፍል ከሆነ፣ የሁለቱ ዓመት ወለድ በአንድ የታክስ ዓመት ላይ ይወድቅና 1,000ውን ሊያሳልፍ ይችላል፤ በየዓመቱ የሚከፍለውን ምረጡ።

ወርሃዊ ቁጠባ፦ 7 በመቶ፣ ግን የምን?

ባንኮች ለደንበኞቻቸው 6 ወይም 7 በመቶ የሚሰጡበት፣ በወር እስከ 200 ወይም 300 ፓውንድ የሚገባበት የአንድ ዓመት ሂሳብ ነው። በወር 300 የሚያስገባ ሰው በዓመት 3,600 ስላስቀመጠ 252 ፓውንድ ይጠብቃል። የሚያገኘው 136.50 ነው። ባንኩ አላጭበረበረም፤ የመጀመሪያው 300 ለ12 ወር ወለድ ሲያፈራ የመጨረሻው ለአንድ ወር ብቻ ነው የሚያፈራው። ለትንሽ ገንዘብ አሁንም ከሁሉ የተሻለ ነው። አንዳንዱ ባንክ በዓመቱ መሀል ለነካው ሰው ወለዱን ወደ ተራው ያወርደዋል፣ ደንቡን አንብቡ። 12ኛው ወር ሲያልቅም ገንዘቡ ወለዱ ኢምንት ወደሆነ ሂሳብ ይዞራል፤ ቀኑን ስልክ ላይ መዝግቡት።

ፕሪሚየም ቦንድ፦ የተወደደ፣ ከሚገባው በላይም የተወደሰ

ሃሮልድ ማክሚላን በ1956 በጀት ያመጡት ነው፤ በኖቬምበር 1 ቀን 1956 ለገበያ ቀረበ፣ የመጀመሪያው ዕጣ በጁን 1957 «ኧርኒ» በተባለው ማሽን ወጣ። ወለድ የለውም፤ እያንዳንዱ 1 ፓውንድ በየወሩ ዕጣ ውስጥ ይገባል። ከ25 እስከ 50,000 ፓውንድ መግዛት ይቻላል። ሽልማቱ ከ25 ፓውንድ እስከ ሁለት የ1 ሚሊዮን ዕጣዎች ነው፣ ታክስ የለበትም። መውጫው እንከን የለውም፦ ዋናው ገንዘብ አይጎድልም፣ ቅጣት የለም፣ በኦንላይን ሲጠየቅ በጥቂት የሥራ ቀናት ይመጣል፣ ዋስትናውም የመንግሥት ካዝና ነው።

ችግሩ ሒሳቡ ነው። በኦገስት 2025 በወጣው ተመን የሽልማቱ መጠን 3.6 በመቶ፣ የእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ዕድል በየወሩ ከ22,000 አንድ ነበር። በዚያ ተመን 100 ፓውንድ ያለው ሰው በዓመት 1,200 ሙከራ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳያገኝ የመቅረቱ ዕድል 95 በመቶ ገደማ ነው። 1,000 ያለው ሰው ዓመቱን ባዶ የማለፍ ዕድሉ 58 በመቶ ያህል ነው። 50,000 ያለው ግን በአማካይ 27 ሽልማት ይደርሰዋል፣ አብዛኛው ትንንሽ ነው። «3.6 በመቶ» የሚለው ቁጥር ሁለቱን ሚሊየነሮችም ጨምሮ የተሰላ አማካይ ነው፤ መካከል ላይ ያለው ሰው ከዚያ በታች ነው የሚያገኘው። ስለዚህ የወለድ ነፃነቱን ለጨረሰ የ40 በመቶ ከፋይ፣ አይሳውም ለሞላበት፣ ጥሩ ሂሳብ ነው። 500 ፓውንድ ላለው ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ደህና ቦታ እንጂ የሚያሳድግበት አይደለም። ደግሞ አንድ ሙሉ ወር ካልተያዘ ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ በጃንዋሪ የተገዛ መጀመሪያ የሚወዳደረው በማርች ነው። በወሩ መጨረሻ ቀናት መግዛት፣ በወሩ መጀመሪያ ቀናት ደግሞ ከዕጣው በኋላ ማውጣት ከባዶ ሳምንታት ያድናል።

ገንዘቡ ማን ዘንድ እንዳለ ማወቅ

ባንክ ቢወድቅ ኤፍኤስሲኤስ የተባለው የዋስትና ተቋም ይከፍላል። ጣሪያው ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከ85,000 ወደ 120,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ቤት ለሸጠ ወይም ለወረሰ ሰው ለጊዜው የሚሰጠው ከፍ ያለ ሽፋን ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ሆኗል። ጣሪያው የሚቆጠረው በባንክ ፈቃድ እንጂ በስም አይደለም። ሃሊፋክስና ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ በአንድ ፈቃድ ሥር ናቸው፤ ኤችኤስቢሲና ፈርስት ዳይሬክትም እንዲሁ። በሁለቱ ከፍሎ ማስቀመጥ ሁለት ጣሪያ አያስገኝም።

ስልክ ላይ ባንክ የሚመስል ሁሉ ባንክ አይደለም። ካርድ የሚሰጡ፣ ገንዘብ ወደ ውጭ የሚልኩ አንዳንድ አፖች የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ድርጅት ናቸው። ገንዘባችሁን ከራሳቸው ለይተው ባንክ ውስጥ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው፣ ድርጅቱ ራሱ ቢወድቅ ግን የ120,000ው ዋስትና የለም፣ ገንዘቡም የሒሳብ አጣሪው ወጪ ተቀንሶለት ዘግይቶ ሊመለስ ይችላል። ለአንድ ወር ወጪ ያህል ቢያዝ አይከፋም፤ የእቁብ ዕጣ ወይም የቤት ቅድሚያ ክፍያ እዚያ ማሳደር ግን ልክ አይደለም። አንድ ድርጅት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከአፑ ግርጌ ወይም ከደንቡ ላይ የድርጅቱን መለያ ቁጥር ውሰዱና በፋይናንስ ተቆጣጣሪው በኤፍሲኤ መዝገብ ላይ አስገቡት። ተቀማጭ የመቀበል ፈቃድ ከሌለው ባንክ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስልክና ድረ ገጽም ከያዛችሁት ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፤ አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ድርጅት ስምና ቁጥር ወስደው የራሳቸውን ስልክ ይለጥፉበታል።